ትንሹ የሚባለው ዝናብ

«ቱቦው አንዴ ከተገዛማ ምን ይደረጋል! ዝናቡን እናስተካክለዋለን፤ እርስዎ ሐሳብ አይግባዎ።»

ኃላፊው ይህን ያለው በስልክ ነው። በእሱ ክፍልና በሠራተኞቹ ክፍል መካከል ያለው ግድግዳ ከስስ ጣውላ የተሠራ ስለሆነ፣ ወዲያ ያስነጠሰ ወዲህ «ይማርህ» ይባላል። ደመና ሰማች። እጇ ማውሱ ላይ እንዳለ ቀረ። አጠገቧ የተቀመጠው ጢሞም ሰምቷል፤ ሰምቶ እንዳልሰማ መሆን የፈለገ ሰው የሚያደርገውን አደረገ፣ ያልዶለዶመ እርሳስ አንሥቶ ይቀርጽ ጀመር።

ደመና እናትና አባቷ ያወጡላት ስም አይደለም፤ ቢሮው ያወጣላት ነው። እዚህ የመሐንዲሶች ቤት ሌላው መንገድና ድልድይ ሲነድፍ የእሷ ድርሻ ዝናብ ነው። ኮምፒውተሯ ውስጥ ባለው ሶፍትዌር አንድ ሰፈር ላይ ዝናብ ታወርዳለች፤ ውሃው ከየጣሪያው ወርዶ፣ በየጎዳናው ተጠራቅሞ፣ ቦይ ሲገባ ቦዩ ይችለው እንደሆነ አይታ «ይህን ያህል ስፋት ያለው ቱቦ ይፈልጋል» ትላለች። ጢሞ፣ ንድፍ የሚያወጣው ጢማሙ ሰውዬ፣ ጠዋት ጠዋት በር ላይ ሲያያት «ደመና መጣች፣ ልብስ አስገቡ!» ይላል። ዓመት ሙሉ የሚለውን ዛሬም ብሎታል፤ እሷም እንደ ወትሮዋ ፈገግ ብላለታለች።

በዚህ ሥራ ዝናብ ሁለት ነገር ነው፤ ምን ያህል እንደወረደና መቼ እንደወረደ። ሰው ሁሉ የሚጠይቀው የመጀመሪያውን ነው። አንድ ዝናብ ከጠዋት እስከ ማታ ሲያካፋ ቢውል ሣር ያጠጣል እንጂ ማንንም አይነካም፤ ያው ዝናብ፣ ጠብታ ሳይጨመርበት፣ ሻይ ተቀድቶ እስኪበርድ ባለችው ጊዜ ተጠራቅሞ ቢወርድ ግን አጥር ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ሶፍትዌሩ ውስጥ የዝናብ አወራረድ ዝርዝር አለ፤ መጀመሪያ ላይ የሚበረታ አለ፣ መሐል ላይ የሚበረታ አለ፣ ለሁሉም ሰዓት እኩል የሚያካፍል አለ። አንዱን ሲጫኑት መስመር ይወጣል። መስመሩ ሽቅብ የተነሣበት ቦታ ዝናቡ የበረታበት ጊዜ ነው፤ የተኛበት ቦታ ያረፈበት። ከዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ደግሞ «ትንሹ» የሚባል አለ። አዲስ የሚቀጠሩት ልጆች በስሙ ተታለው ይመርጡታል፤ የነደፉት ቦይ ሁሉ ሞልቶ ሲገነፍል ይደነግጣሉ። «ትንሹን አትንኩት፣ ክፉ ነው» ይሏቸዋል ነባሮቹ እየሳቁ። ደመና አብራ አትስቅም። ሥራ በጀመረች ሰሞን፣ ቤተሰቧ ድሮ በኖረበት የታችኛው ሰፈር፣ ትምህርት ቤቱ ጣሪያ ላይ የነበረው የዝናብ መለኪያ አንድ ቀን በየአምስት ደቂቃው የለካውን አፈላልጋ አግኝታ፣ አንድ በአንድ ያስገባችው እሷ ናት። ማሽኑ ስም ስጪው ሲላት የታናሽ ወንድሟን የቤት ስም ጻፈችበት። ለምን ብሎ የጠየቃት የለም፤ ቢጠይቋትስ ምን ትላለች?

ዛሬ ጠዋት ከቤት ስትወጣ እናቷ ጫማ ትሰበስብ ነበር። የሚኖሩት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ውሃ እዚያ ድረስ ከወጣማ ከተማው አልቋል። ቢሆንም ሰማዩ ከጠቆረ እናቷ ወለል ላይ ያለውን ጫማ ሁሉ፣ የአባትየውን ተረከዙ ያለቀ ነጠላ ጫማ ሳይቀር፣ አንሥታ አልጋ ላይ ታወጣዋለች። ጥንድ ጥንዱን አፉን ወደ ግድግዳ አዙራ ትደረድረዋለች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ጸሎት ይሁን ሌላ ነገር ጠጋ ብሎ የሰማ የለም። አባቷ፣ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር፣ መስኮቱ ሥር ካለችው ወንበሩ ላይ ሆኖ ሬዲዮ ይሰማል፤ የአየር ጠባይ መነገር ሲጀምር ድምፁን ይቀንሰዋል። «አባባ፣ ሐኪሙ ተራመድ ብሎሃል እኮ። ዛሬ እንኳ ወረድ በል» አለችው። «እስቲ» አለ። በዚያ ቤት «እስቲ» ብዙ ነገር ችላ ትኖራለች። ስለ ትንሹ አይወራም። ፎቶው አልተደበቀም፤ ኮመዲኖው ላይ አለ፣ አቧራው በየጊዜው ይጠረግለታል፣ ግን ስሙን የሚያነሣ የለም። ሦስቱም ሐዘኑን እንደ ረጅም ካፊያ ለየቀኑ አከፋፍለውት፣ አንዱም ቀን ሳይከብድ አንዱም ቀን ሳያባራ ኖረዋል።

ኃላፊው ከክፍሉ ወጥቶ ወደ ጠረጴዛዋ መጣ። ክፉ ሰው አይደለም። የሠራተኛ ልጅ ሲታመም ቀድሞ የሚደውል፣ የሁሉንም ቤተሰብ በስም የሚጠይቅ ሰው ነው። ዛሬም «እማማ እንዴት ናቸው?» ብሎ ነው የጀመረው።

«ደኅና ናት፣ ተመስገን።»

«ያቺ የታችኛው ሰፈር ነገር፣ ደመናዬ። ቱቦው ጠበበ ይላል ያንቺ ወረቀት።»

«እኔ አይደለሁም ጋሼ። ዝናቡ ነው።»

«ዝናቡማ የእግዜር ነው፤ መስመሩ ግን የኛ ነው» ብሎ ሳቀ። ጢሞም ሳቀ፤ የአለቃ ቀልድ ሳይሳቅለት አያልፍም። «ቱቦው ተገዝቶ ሜዳው ላይ ተከምሯል። ይመለስ ቢባል የሚቀበል የለም። አንቺ ይህን ዝናብ ያስገባሽው በየአምስት ደቂቃ ነው አይደል? በየሰዓት አድርጊው። ስንቱ ቢሮ በየሰዓት ይሠራ የለ? አንድ ጠብታ ቀንሺ አላልኩሽም። ድምሩ ያው ነው።»

«በሰዓት ሲሆን መጨረሻ ላይ የመጣው ይሟሟል። አይታይም።»

«እኮ። ለስለስ ይላል።»

«ሌላ ዝናብ ልምረጥ?»

«አይሆንም። ውሉ በአካባቢው የተመዘገበ ዝናብ ይላል። ስሙ ትንሹ እንደሆነ ይቆይ፣ ቅርጹን ብቻ። ዛሬ ይላክ፤ አደራ።»

«ጋሼ፣ እዚያ አዲሶቹ ቤቶች ውስጥ ሰው ሊገባ ነው እኮ።»

ኃላፊው ትከሻዋን መታ መታ አደረገ። «ያ ዓይነት ዝናብ ስንት ጊዜ ይመጣል ብለሽ ነው?» ብሎ ሄደ። በሩ ከተዘጋ በኋላ ጢሞ ቀና ሳይል፣ «ጫማ ጠበበ ተብሎ እግር ሲጠረብ ያየሁት እዚህ ቤት ነው» አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ «ብቻ እኔ ምንም አላልኩም፣ እቱ። የልጆች አባት ነኝ።»

ደመና ዝርዝሩን ከፈተች፣ ወርዳ ወርዳ ትንሹን ነካችው። መስመሩ ወጣ። ይህን መስመር እንደ ሰው ፊት ታውቀዋለች። ሲጀምር ከፍ ይላል፤ ያን ጊዜ ጣሪያው እየተንጓጓ ነበር፣ እናቷ በሚያፈስበት ቦታ ሥር ድስት አስቀምጣ ነበር። ቀጥሎ እየደከመ ይሄዳል። ቀጥሎ ይተኛል፤ ጠፍጣፋ፣ የተስተካከለ፣ ማንም አይቶ የማይፈራው። እዚያ ጠፍጣፋ ላይ ነው አባቷ በሩን የከፈተው። መዳፉን ወደ ውጭ ዘርግቶ ጠብታ ጠበቀ፤ አልመጣም። «አባርቷል» አለ። «ትንሹ፣ ሂድማ፣ አንድ ፍሬ ሲጋራ ይዘህልኝ ና።» ትንሹ ከአልጋው ዘሎ ወረደ፤ ከቤት መውጣት እንደ ሽልማት ነበር የሚቆጥረው። የእናቱን የፕላስቲክ ጫማ አጥልቆ፣ ጧ ጧ እያደረገ ወጣ። ደመና አልጋው ላይ ሆና የጫማው ድምፅ በቦዩ ዳር ሲርቅ ሰማች። ከጠፍጣፋው ቀጥሎ መስመሩ ይነሣል። መነሣትም አይባልም፤ ግድግዳ ነው። የቀኑ ዝናብ ግማሹ እዚያች ጠባብ ቦታ ላይ ቆሟል። በማግስቱ የተገኘው አንድ እግር ጫማ ነበር። እሱ ራሱ የተገኘው ቆይቶ፣ ሩቅ ነው።

መጀመሪያ ያደረገችው የታዘዘችውን አይደለም። ለምን እንዳደረገችው ብትጠየቅ አታውቅም። በማውሱ ግድግዳውን ያዘችና ወደ ኋላ፣ ወደ ዝናቡ መጀመሪያ ጎተተችው። ሶፍትዌሩ እሺ አለ፤ ምንም አይከፋውም፤ ድምሩ ካልተበላሸ ሁሉን እሺ ይላል። እንግዲህ ዝናቡ ኃይሉን ሁሉ መጀመሪያ ላይ ጨረሰ። ትንሹ ገና አልጋ ላይ ነው፤ ጉልበቱን አቅፎ ድስቱ ውስጥ የሚንጠባጠበውን እየሰማ ነው። ቦዩ ሞልቶ ሄደ፣ ጎደለ፤ አባባ በሩን የከፈተው ከዚያ በኋላ ነው። ልጁ ሄደ፤ ልጁ ተመለሰ። ደመና እጇን አፏ ላይ አደረገች። ከዚያ ደግሞ ወደ ቦታው መልሳ፣ የየአምስት ደቂቃውን በየሰዓቱ ደምራ ዘረጋችው። ግድግዳው ቀለጠ፣ መስመሩ እንደ ለስላሳ ኮረብታ ዝግ ብሎ ወጣ። በዚህ ዝናብ ውስጥ ማንም አይሞትም። ልጅ በእናቱ ጫማ ወጥቶ፣ ሲጋራውን እንዳይረጥብ በመዳፉ ሸፍኖ፣ እየሳቀ ይመለሳል። ኮሪደሩ ላይ ጧ፣ ጧ የሚል ሰማች። ለእግር የሰፋ ጫማ ሲመታ። ቀና ብላ በሩን አየች፤ ማንም አልነበረም። ጢሞ እርሳሱን ይቀርጻል።

«ሰማህ?»

«ምኑን?»

«ምንም።»

አለቃዋ ስላዘዛት አይደለም ያጸናችው፤ እሱን እምቢ ማለት ይቻላት ነበር፣ ከዚህ በፊትም ብላው ታውቃለች። ያ ለስላሳ መስመር ደግ ሆኖባት ነው። ጣቷ አንዴ ወረደ። ቱቦው በቃ። ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው የታችኛው ሰፈር ከጥግ እስከ ጥግ ደርቆ ታየ። ላከችው። ኃላፊው በግድግዳው ወዲያ ሆኖ «ተባረኪ!» አለ፤ ምርቃቱ ጣውላውን አልፎ መጥቶ አንገቷ ሥር ተቀመጠ። ከዚያ ወዲያ እስከ መውጫ ሰዓት የሠራችው ሥራ የለም። ላፕቶፑን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ስትወጣ ጢሞ «ደመና ሄደች፣ ልብስ አስጡ» አለ፤ ግን ቀስ ብሎ።

አውቶቡሱ በታችኛው ሰፈር ነው የሚያልፈው። ለወትሮው እዚያ ሲደርሱ ስልኳን ታያለች፤ ዛሬ ወረደች። የድሮዎቹ ቤቶች የሉም። በእነሱ ቦታ አዳዲስ ቤቶች በረድፍ ቆመዋል፤ በሮቹ አንድ ዓይነት ሰማያዊ ቀለም ተቀብተዋል፣ ደፋቸው ዝቅ ያለ ነው። የቦዩ ዳር ላይ ቱቦዎቹ ተከምረዋል። በአንደኛው ውስጥ የቱቦዎቹ ጥበቃ ተቀምጦ ዳቦ ይበላል፤ ጉልበቱ አገጩን ሊነካ ምንም አልቀረው።

«ግቢ፣ እንግዳ አልጠላም» አላት፤ «ብቻ ቤቱ ለሁለት አይበቃም።»

«ሊቀበር ነው ይሄ?»

«አዎ። የሰፈሩ ውሃ ሁሉ በዚህ ነው የሚያልፈው አሉ።» ጥበቃው አንገቱን እንዳጎነበሰ የቱቦውን ጣሪያ በመዳፉ መታው። «እኔን ያላስቀመጠ እንዴት አድርጎ እንደሚያሳልፈው እንጃ፤ የተማረ ያውቃል። ሰዎቹ ቁልፍ ተሰጥቷቸዋል። ትናንት አንዷ መጥታ መጋረጃ ለካች፤ ዛሬም ተመልሳ ደፉን በውሃ አጥባ ሄደች። እንዴት ደስ ብሏታል መሰለሽ!»

ደመና የታጠበውን ደፍ አየችው። ገና እርጥብ ነው። ከላይ ሰማዩ አመድ መስሏል። «እግዜር ይስጥልኝ» ብላው፣ ስለ ምን እንደሆነ ሁለቱም ሳያውቁት፣ ቀጣዩን አውቶቡስ ያዘች።

ቤት ስትገባ ጫማዎቹ አልጋ ላይ ነበሩ። ዝናቡ የጀመረው የራሷን ጫማ አውልቃ ለእናቷ ስትሰጣት ነው። በርትቶ ጀመረ፤ መስኮቱ ይንቀጠቀጥ ነበር። አባቷ ሬዲዮውን ዘጋው። እራት ቀረበ፤ ዳቦ ግን አልነበረም። እናቷ «ረሳሁት፣ ልቤን ምን ወሰደብኝ» አለች፤ ሦስቱም ሰሐናቸውን እያዩ ተቀመጡ። ዝናቡ እየደከመ ሄደ። አሸንዳው ላይ የነበረው ጩኸት ወደ ሹክሹክታ ወረደ፣ ሹክሹክታውም ቆመ። ገና ብርሃን አለ፤ ከመንገዱ ማዶ ያለው ዳቦ ቤት በሩን ከፍቶ ውሃ ሲጠርግ ይታያል። ደመና ብድግ አለች።

«እኔ ልሂድ። ደርሼ መጣሁ።»

ከእናቷ እጅ ጫማዋን ልትቀበል እጇን ስትዘረጋ፣

«ቆይ» አለ አባቷ።

ወንበሩን ይዞ ቆሟል። መስኮቱን ከፍቶ መዳፉን አላወጣም፤ ሁለቱንም እጆቹን ብብቱ ውስጥ ከቷቸዋል። «ቆይ፣ ልጄ። ገና ነው።»

እሷም ቆመች፣ እናትየውም ጫማውን እንደያዘች ቆመች። ሌላ ድምፅ የለም፤ አሸንዳው ጠብ ይላል፣ ደግሞ ጠብ ይላል። የጎረቤት ልብስ ማስጫ ላይ ወፍ መጥታ ላባዋን አራገፈች። ደመና «አባባ፣ ይኸው ቆሟል» ልትል አፏን ስትከፍት ሰማዩ ወደቀ። ዳቦ ቤቱ ጠፋ። መንገዱ ጠፋ። ውሃ ይጠርግ የነበረው ሰውዬ መጥረጊያውን ጥሎ ሲሮጥ ያዩት ለቅጽበት ነው። ከታች፣ ከደረጃው ሥር፣ ውሃ ሲገባ የሚያሰማውን ያን ወፍራም ድምፅ ሰሙ። አባቷ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። እጆቹን ከብብቱ አላወጣም።

ደመና ሰሐኖቹን ገፋ አድርጋ ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ አወጣች። ትንሹን ከፈተች፤ ያ ለስላሳ ኮረብታ ወጣ። ደግነቱ አሁንም አለ። ሰረዘችው። በየአምስት ደቂቃው የነበረውን ከአእምሮዋ ትጽፍ ጀመር፤ ማየት አያስፈልጋትም፣ እንደ ጸሎት በቃሏ ነው። መስመሩ ከፍ አለ፣ ደከመ፣ ተኛ። ከዚያ ግድግዳው ቆመ። ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ሰፈር ከቦዩ ዳር ጀምሮ ውሃ በውሃ ሆነ፤ ሰማያዊዎቹ በሮች ያሉበት ረድፍ በሙሉ።

አባቷ ከኋላዋ መጥቶ እንደቆመ ያወቀችው በትንፋሹ ነው።

«ምንድነው ይሄ?»

«ዝናብ ነው፣ አባባ።»

«የቱ ዝናብ?»

ከኮምፒውተሩ መስታወት ፊት ገለል አለችለት። መነጽሩን ከደረት ኪሱ አውጥቶ አደረገ። ዕድሜውን ሙሉ መንገድ ሲያይ የኖረ ሰው ነው፤ ዳገትና ሜዳ ለመለየት አስተማሪ አይሻም። ከግራ ጀምሮ መስመሩን በዓይኑ ነዳው፣ ጠፍጣፋው ላይ ሲደርስ ቆመ። አመልካች ጣቱን አወጣና መስታወቱን ነካው።

«እዚህ ጋ ነው» አለ። «አባርቷል ያልኩት።»

ዝናቡ መስኮቱን ይደበድባል። ከአልጋው በኩል የእናቷ ድምፅ መጣ፤ ለማንም ያልተነገረ፣ ዓመታት ጥርስ ውስጥ ቆይቶ ያለቀ ድምፅ።

«የሱ ጫማ እርጥብ ነበር። የኔን አድርግ ያልኩት እኔ ነኝ። ሰፍቶት መሮጥ አልቻለም።»

አባቷ ዞር ብሎ አያት። ሚስቱ ይህን ይዛ እንደኖረች የሰማው ዛሬ ነው። ወደ እሷ ሊሄድ እግሩን አነሣ፣ ግን ጣቱን ከጠፍጣፋው መስመር ላይ ማንሣት አቃተው፤ እንደዚያው ቀረ።

«እና አሁን ምን ልታደርጊው ነው?» አለ፣ ወደ መስታወቱ ተመልሶ።

«ቀን ላይ አስተካክለው ነበር። ለስለስ አድርጌው፣ ትንሹ... ማንም የማይጎዳበት አድርጌው። አሁን ወደ ቦታው መለስኩት። ልልከው ነው፤ ለአለቃዬም፣ ላሠሪዎቹም። ቀን የላኩት ልክ አልነበረም፣ ቱቦው አይበቃም ብዬ።»

«ሥራሽስ?»

«እንጃ፣ አባባ።»

 እናቷ የያዘችውን ጫማ አልጋው ላይ አስቀመጠችና፣ «ላኪው» አለች። «ልጄን እዚያው የነበረበት ተዪው። የሰው ልጅ አይግባበት።»

ላከችው።

ስልኳ ወዲያው ነው የጮኸው። ከሰሐኖቹ መሐል እየተንቀጠቀጠ ዞረ፣ የኃላፊው ስም በራበት። ቆመ፤ እንደገና ጮኸ። ደመና አየችው እንጂ አላነሣችውም፤ ነገ ጠዋት በሩ ላይ ትቆማለች፣ የሚባለው ያን ጊዜ ይባላል። እናቷ መጥታ ከባሏ ጎን ቆመች፤ ሦስቱ ፊቶች በአንዱ መስታወት ብርሃን ተሰበሰቡ። ኮመዲኖው ላይ ያለው ፎቶም ከዚያው ብርሃን ትንሽ ደርሶት ነበር።

አሁን አሸንዳው ዝም ብሏል። ከማዶ ዳቦ ቤቱ እንደገና መብራቱን አብርቷል፣ ሰዎች ሱሪያቸውን ሰብስበው መንገድ ይሻገራሉ። ከሦስቱ ግን አባርቷል ያለ አልነበረም።